በወንድሜ ማሳ ላይ ያወረድሁት ግጥም

ግጥሜን ሰረቀኝ። የሰረቀኝ ሰው ቸርነት ይባላል፤ ደብረ ማርቆስ «ጋሽ ቸርነት ገጣሚው» እያለች ታቆላምጠዋለች። የሰረቀኝም የዋዛ ግጥም አይደለም፤ ታላቅ ወንድሜ ሞቶ፣ ማሳው ላይ ቆሜ፣ ማጭድ ይዤ ያወረድሁትን ነው። መጽሐፍ ውስጥ አሳተመው፣ ከላዩ ስሙን ጻፈበት፣ ስንትና ስንት ዓመት ሲጨበጨብለት ኖረ። እኔ ፊደል አልቆጠርሁምና አላወቅሁም። በደሉ ይኸው ነው፤ አላስረዝመውም። ከዚህ በኋላ የምጽፈው ሁሉ እንዴት እንደደረስሁበትና እንዴት እንዳስመለስሁት እንዲታወቅልኝ እንጂ ማንም እንዲያዝንልኝ አይደለም። ሲያዝኑልኝ የኖሩ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ ማጭድ አላቀበሉኝም።

ይህን ያስጀመረኝ የካሴት ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ከመናኸሪያው ቁልቁል በሚወስደው መንገድ አንዲት ሴት አሮጌ ካሴቶች ሸራ ላይ ዘርግታ ስትሸጥ አየሁ። ዛሬ ካሴት ማን ይገዛል? እኔ እንጃ። ፀሐይ አግኝቷቸው ፕላስቲኩ ሞቋል፤ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እግሬ ቀጥ አለ። በዚያ ዘመን የማርቆስ ቅዳሜ እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ የሞቀ ካሴት፣ የጋሪ ፈረስ ላብና አዲስ አቡጀዲ። ባለካሴቶቹ ከልብስ ሰፊዎቹ በረንዳ ፊት ለፊት ነበሩ። አንዱ ካሴት የሁለት ዶሮ ዋጋ ነው፤ እንደ ዘፋኙ የሦስትም ይሆናል። ሰፊዎቹ መኪናቸውን የሚረግጡት በዘፈኑ ልክ ነበር፤ ዘፈኑ ከፈጠነ ሱሪህ ለማታ ይደርሳል፣ እንጉርጉሮ ከሆነ ለሳምንት ትቀጠራለህ። እኔ ከአምበር በላይ ካለው ቀበሌያችን ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ፣ ኮንጎ ጫማዬ እንዳያልቅ በእጄ ይዤ እመጣና ከተማው መግቢያ ላይ አጠልቀዋለሁ። በረንዳው ጥግ ላይ አንድ ፎቶ ቤት ነበር፤ መጋረጃው ላይ ባሕርና አውሮፕላን ተስሎበታል። ወንድሜ ሙላትና እኔ እዚያ ፊት ቆመን ተነሥተናል፤ እሱ ትከሻዬን ይዞ ይስቃል፣ እኔ አውሮፕላኑ የሚመታኝ ይመስል አንገቴን ሰብሬያለሁ። ከዚያ ወዲያ የሙላት ሌላ ፎቶ የለም። የትኛው መንግሥት ነበር ብትሉኝ አልነግራችሁም። ለኛ ለገበሬዎቹ መንግሥት ማለት ስብሰባ ነው፤ ስብሰባው ደግሞ እስከ ዛሬ አልተለወጠም።

ሙላት የሞተው ጤፉ ለአጨዳ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ሦስት ቀን ትኩሳት ያዘው፣ በአራተኛው ሄደ። ሚስቱን የሺን ባዶ ቤትና ሙሉ ማሳ ላይ ጥሏት ሄደ። በእኛ አገር ሰው እህሉ ማሳ ላይ ቆሞ ከሞተ፣ ሳይረግፍ አገሩ ወጥቶ ያጭድለታል። ደቦ ነው፤ ግን እንደ ሌላው ደቦ ጠሪ የለውም። «ነገ የእገሌን እናጭዳለን» የሚል የለም። ሰው ማጭዱን ስሎ ያድራል፣ ጠዋት ማሳው ዳር ይገኛል። የቀረ ሰው ቢኖር ስሙ እስከ ልጅ ልጁ ይነሣል። ያን ቀን የቀረ አልነበረም። የሺ ጠላ ጠምቃ፣ ዓይኗ አብጦ፣ በማሰሮ እየቀዳች ታቀብላለች። አጫጁ በረድፍ ገብቷል፤ ማጭዱ ግን አልተስማማም። አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይቀራል። ዘፈን የሌለው ደቦ እንዲህ ነው። ሁሉም እኔን ያየኛል፤ በሰፈሩ አውራጁ እኔ ነኝና። አውራጅ ግጥሙን ይጥላል፣ ተቀባይ ጭራውን አንሥቶ ይመልሳል፣ ማጭድም በዚያ ልክ ይወርዳል። እኔ ግን ወንድሜ ሞቶብኝ ምን ልዝፈን? በመጨረሻ ዘውዱ፣ አጎታችን፣ ከረድፉ ጫፍ ጮኸብኝ፤

«አንተ ይስማው! ጤፉ በሐዘን አይታጨድም፤ አውርድ!»

አወረድሁ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም።

የዘራው ተኛና፣ ያላረሰው መጣ፣
ተነሣ ወንድሜ፣ ማጭድህን አምጣ።

አገሩ በአንድ አፍ «ማጭድህን አምጣ!» ብሎ ተቀበለኝ፤ አርባ ማጭድም አንድ ላይ ወረደ። ያን ድምፅ ሺህ ዓመት ብኖር አልረሳውም። ከዚያ ወዲያ ማቆም አልቻልሁም፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ መጣ።

በሬህ ደጁን ያያል፣ ጅራፍህ ተሰቅሎ፣
ማን ይጥራው በስሙ፣ እንዳንተ አባብሎ።

እንግዲህ ቸርነት የዚያን ለታ እዚያ ነበር። አምበር ዘመድ ነበረው መሰለኝ፤ «ባህል እመዘግባለሁ» እያለ በየቀበሌው የሚዞር የከተማ ጎረምሳ ነበር፤ ቆዳ ጃኬት፣ ከታች የሰፋ ሱሪ፣ በትከሻው የተንጠለጠለ ቴፕ። ቴፑን ነዶ ላይ አስቀመጠና ቀዳኝ። «ለምንህ ነው?» ብሎ ዘውዱ ሲጠይቀው «እንዳይጠፋ ነው አባቴ፣ ለመዝገብ ነው» አለ። የሺ ጠላ ሰጠችው፣ ጠጣ። እኔ ላይ ታች ስል ካሴቱ አለቀና ቴፑ ጧ ብሎ ቆመ። «ትንሽ ቆዩኝ፣ ሌላ ካሴት ልፈልግ» አለ። ዘውዱ ቀና ሳይል «ሐዘን ለካሴት ይቆማል እንዴ?» አለው። ሌላ ካሴትም አልነበረው። ቴፑን አንጠልጥሎ ለከሰዓቱ መኪና ለመድረስ ሄደ። እኛ ግን ገና ምኑ ተነካ፤ የማሳው እኩሌታ ቆሟል። እስኪመሽ አወረድሁ፣ እስኪመሽ ተቀበሉኝ።

ዓመታቱን ልዝለላቸው፤ ቢጻፉም የሚነበቡ አይደሉም። አረስሁ፣ ወለድሁ፣ ሚስቴን ቀበርሁ። ጉልበቴ እንቢ ሲል ልጄ ወደ ማርቆስ አመጣችኝ፤ እኔም ተቀምጬ መብላት አልወድምና አንድ እህል መጋዘን ዘበኛ ሆንሁ። ከተማ ለመሃይም ክፉ ነው። ገጠር ሳለሁ አለመማሬ ከማንም አልለየኝም፤ እዚህ ግን በር ሁሉ፣ ግድግዳ ሁሉ፣ አውቶቡስ ሁሉ ይናገራል፣ አንተ ብቻ ደንቆሮ ነህ። «ይህ ወዴት ይሄዳል?» ብለህ ስትጠይቅ ሰው መጀመሪያ ታፔላውን ቀጥሎ አንተን ያያል። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ። ለስንት ዓመት መነጽር እንደጠፋበት ሰው ሆኜ ኖርሁ፤ «መነጽሬን ረስቼ ነው፣ እስቲ አንብብልኝ።» መነጽር በሕይወቴ ኖሮኝ አያውቅም።

አንድ ቀን መኪና ላይ የተጫነ ሞንታርቦ እየለፈፈ በመጋዘኑ ፊት አለፈ፤ «በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የደም ግፊት ምርመራ! በነጻ! በነጻ!» እኔ በነጻ የተባለ ነገር አላምንም፤ መጨረሻው ስብሰባ ነው። ግን ራሴን ያዞረኝ ነበርና ሄድሁ። ቤተ መጻሕፍቱን ከውጭ ሁልጊዜ አየዋለሁ፤ ለኔ ቢጤ የተሠራ አይመስለኝም ነበር። ሳሩ የታጨደ፣ መስኮቱ ብዙ፣ ገብቶ የሚወጣው ሁሉ ደብተር የያዘ። ነርሷ ክንዴን ጠቅልላ ለካችኝ፣ «ጨው ይቀንሱ» አለችኝና ወረቀት አቀረበች፤ «እዚህ ጋ ይፈርሙ።» አውራ ጣቴን ዘረጋሁ። ከጎኗ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ ትርንጎ ቆማለች፤ ጎልማሳ፣ ሹራቧን በትከሻዋ ጣል ያደረገች፣ እንደ ከብት ሐኪም ረጋ ብላ የምታይ ሴት። ጣቴን አየች፣ ቀለሙን የምጠርግበት ወረቀት ሰጠችኝ። በር ላይ ስደርስ ግን ተከትላኝ ወጣች።

«አባባ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ስምንት ሰዓት ላይ ለትልልቅ ሰዎች ፊደል እናስቆጥራለን። ይምጡ።»

«ስንት ነው?»

«በነጻ ነው።»

«እና ምኔን ልትወስዱብኝ ነው?»

«ጊዜዎን» አለች።

«እሱ ቀድሞ ተወስዷል» አልኋት።

ማክሰኞ ሄድሁ። የሚያስተምሩን በሕፃናቱ ክፍል ነበር፤ ወንበሩ ዝቅ ያለ ስለሆነ ጉልበቴ ጆሮዬን ሊነካ ምንም አይቀረው። ዐሥራ አንድ ነበርን። አንዲት ልብስ አጣቢ፣ አንድ ጡረታ የወጣ ወታደር፣ አንዲት ጠላ ነጋዴ፣ ሁለት የቤት ሠራተኞች… ወታደሩ «ሀ» ላይ እያለን «ይህንማ አውቀዋለሁ» ይላል፤ «መ» ላይ ሲደርስ ይጠፋዋል፤ ሲጠፋው ደግሞ ወንበሩ ላይ ያሳብባል። እኔ አላሳበብሁም። የማላውቀውን አላውቅም አልሁ፤ ያን ቃል አፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያወጣው እንደ ጥርስ ነቀላ አመመኝ፣ ወዲያው ደግሞ ቀለለኝ። ቤተ መጻሕፍቱን ወደድሁት፤ ዝም ብዬ ነው የወደድሁት፣ ለማንም ሳልነግር። ቅዳሜ ጠዋት ለልጆች ተረት ይነገራል፤ ከኋላ ተቀምጬ እሰማለሁ። ጡረተኞቹ ዳማ ይጫወታሉ፤ ሁሉንም አሸነፍኋቸው። በወር አንዴ ሕግ አዋቂ መጥቶ ለድኃ ምክር ይሰጣል፤ ሴቶቹ ጥልፍ ይማራሉ። ለዚህ ሁሉ ማንም በር ላይ «አንተ ማነህ?» አይልህም። በዕድሜዬ ሙሉ «አንተ ማነህ?» ያልተባልሁበት በር ከቤተ ክርስቲያን ሌላ ያ ብቻ ነው።

በዓመቱ ፊደል ገጣጥሜ ቃል ማንበብ ጀመርሁ። ትርንጎ አንድ ሐሙስ «ዛሬ እያንዳንዳችሁ ከመደርደሪያው የወደዳችሁትን መጽሐፍ አውጡ» አለችን። እኔ ቀጭኑን አወጣሁ፤ ቀጭን ስለሆነ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። መሐል ላይ ገለጥሁና ጣቴን ከፊደሉ ሥር አድርጌ ጀመርሁ። የ፣ ዘ፣ ራ፣ ው። የዘራው። ተ፣ ኛ፣ ና። ተኛና… ጣቴ «ያላረሰው» ላይ ሳይደርስ አፌ ደረሰ። «መጣ» የሚለውን ሳላይ አልሁት። ቀጠልሁ፤ ሁሉንም ሳላይ አልሁት። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የመሰለኝ ማንበብ ማለት እንዲህ መሆኑ ነው። አንዴ ከገባህ መጽሐፉ የምታውቀውን ይነግርሃል አልሁ። ከዚያ «በሬህ ደጁን ያያል» ጋ ስደርስ የሙላት በሬ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፣ ጣቴን ከፊደሉ ላይ አነሣሁ።

«ትርንጎ፣ ይህ መጽሐፍ ወንድሜን ያውቀዋል» አልኋት።

መጣች፣ ሽፋኑን ገልብጣ አየች። «የጋሽ ቸርነት ነው እኮ አባባ። በጣም የታወቀ ግጥማቸው ነው።»

«የጋሽ ማን?»

ሽፋኑ ላይ ፎቶው ነበር። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ጃኬቱ ኮት ሆኗል፤ ዓይኑ ግን ያው የባለቴፑ ዓይን ነው።

በማግስቱ ሱቁ ሄድሁ። ጽሕፈት መሣሪያ ይሸጣል፤ እንደ ወዳጅ ተቀበለኝ፣ ወንበር አቀረበልኝ። ማን እንደሆንሁ ስነግረው ወንበሩ ላይ እኔ ሳልቀመጥ እሱ ተቀመጠ።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላስታውስም» አለ። «ብዙ ቦታ ዞሬያለሁ።»

«አርባ ሰው ያስታውስሃል።»

«ወንድሜ፣ ይህ የሕዝብ ቃል ነው። የሕዝብ ቃል ባለቤት የለውም።»

«ታዲያ ስምህን ለምን ጻፍህበት?»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባልጽፈው ጠፍቶ ነበር። እናንተ ዘፍናችሁ ሄዳችሁ። ማን ያውቀው ነበር ዛሬ? አንተስ መልሰህ ያገኘኸው ከኔ መጽሐፍ አይደለም?»

ይህን ሲለኝ ወደ በሩ ዞርሁ። እውነት አለበትና ነው የዞርሁት። ሌባ ሁሉ ውሸታም ቢሆን ዓለም ቀላል ነበረች። በር ላይ ስደርስ ግን ጨመረበት፤ «ደግሞስ ማን ያምንሃል? ትናንት ሀ ሁ የቆጠርህ ሰው ዛሬ ገጣሚ ነኝ ትላለህ? ማስረጃ አምጣ።»

ማስረጃ! አንድ ቢሮ ሄድሁ፣ «የጽሑፍ ማስረጃ» አሉኝ። «የጽሑፍ ማስረጃ ቢኖረኝ መቼ ይሰረቀኝ ነበር?» አልኋቸው፤ ሳቁ። ነገ ተመለስ አሉኝ፤ የነገ ነገሩ እንደምታውቁት ነው። ለራሴ ግጥም ብቻ ቢሆን ምናልባት እተወው ነበር። ግን ያ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ «ወንድሜ» ባለ ቁጥር የማንን ወንድም ነው የሚጠራው? ሙላት ልጅ አልተወም፤ የተወው ያችን ግጥም ነው። እሷም የሌላ ሰው ስም ከተጻፈባት ሙላት ሁለተኛ ሞተ ማለት ነው። ይህ ነው ያንገበገበኝ።

ትርንጎ ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰማች። «አባባ፣ እኔ ዳኛ አይደለሁም» አለች። «ግን የፊታችን ቅዳሜ ከሰዓት የግጥም ፕሮግራም አለን፤ ጋሽ ቸርነት ይኸንኑ ግጥም ያነባሉ። ለሁሉም ክፍት ነው፣ በነጻ ነው። ማን ይግባ ማን ይቅር ብዬ አላውቅም፤ በሩን መክፈት ነው ሥራዬ። ሲጨርሱ አስተያየት ያለው ይናገራል፤ እርስዎም ይናገሩ።»

ሦስት ቀን ተቀምጬ የምናገረውን ጻፍሁ። በሕይወቴ የጻፍሁት የመጀመሪያው ወረቀት ነው፤ ሐሳቡ ሳይሆን ፊደሉ አላበኝ። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ በአምበር በኩል ወደ ቀበሌዬ ወጣሁ፤ የምናገረውን የሚመሰክር ሰው ፍለጋ ነው። ከአርባው አጫጅ በሕይወት ያሉት፣ መራመድም የሚችሉት፣ ስምንት ናቸው። ዘውዱ አጎቴ መቋሚያ የምታህል ከዘራ ይዞ ፀሐይ ይሞቃል፤ ነገሩን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ።

«አንተ ፊደል የቆጠርኸው ሰው ልትከስበት ነው?»

«ለምን ይመስልሃል የተማረ ሁሉ የሚማረው?»

«ልክ ነህ» አለ፣ ሳቁን አቋርጦ። «እመጣለሁ። አንተ ሳትሆን ሙላት ነው የጠራኝ።»

የሺ ግን እንቢ አለች። «አያ ይስማው፣ እኔ መጽሐፍ ቤት ገብቼ ምን ልሆን ነው? ዓይኔም አጥርቶ አያይ።»

«ለመስማት ዓይን አይፈልግም።»

«ያን ቀን መልሰህ ልታሰማኝ ነው? አርባ ዓመት ሊሆነው ምን ቀረው፤ ገና አሁን ነው እንቅልፍ የያዘኝ።»

ተመለስሁ። ቅዳሜ ጠዋት ላመጣቸው የሄድሁበት ሚኒባስ አምበር ሲቆም ግን ነጭ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከስምንቱ ፊት ቆማለች። ለምን ሐሳቧን እንደለወጠች አልጠየቅኋትም፣ እሷም አልነገረችኝም።

የቤተ መጻሕፍቱ ጥበቃ ዱላቸውን በር ላይ እንዲተዉ ጠየቃቸው። ዘውዱ «ይህማ ሦስተኛ እግሬ ነው፤ አስቀምጠው ካልኸኝ ተሸክመህ ታስገባኛለህ» አለው፤ አለፈ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ተማሪዎች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ ያች ልብስ አጣቢ የክፍል ጓደኛዬ ሳትቀር። ትርንጎ የኔን ሰዎች ከፊት አስቀመጠቻቸው። እኔ «ጸጥ ብላችሁ ስሙ፤ ሲጨርስ እኔ እናገራለሁ» ብያቸዋለሁ። ወረቀቴ ኪሴ ውስጥ ነው፤ በየመሐሉ በእጄ እዳስሰዋለሁ።

ቸርነት ወጣ። እውነት ለመናገር ያምርበታል፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ መቆም ይችላል። መነጽሩን አደረገና መጽሐፉን ገለጠ።

«የዘራው ተኛና፣ ያላረሰው መጣ፤
ተነሣ ወንድሜ፣ ማጭድህን አምጣ።»

ለጭብጨባ ትንሽ ፋታ ሰጠ። በዚያች ፋታ ውስጥ፣ እኔ ሳላዝዝ፣ ማንም ሳያዝዝ፣ ዘውዱ በዚያ በሻከረ ጉሮሮው፣ «ማጭድህን አምጣ» አለ። ልቡ አይደለም ያለው፣ አፉ ነው። ግጥም ወርዶ ሳይቀበል መቅረት በኛ ዘንድ ሰላምታ እንደመንሳት ነው፤ አፉ እንዴት ዝም ይበል? የቀሩትም ዝም አላሉም። አዳራሹ ፈገግ አለ፤ ቸርነትም ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ፤ የገጠር ሰው ወደደልኝ ብሎ ነው። ቀጠለ። በየቤቱ መጨረሻ ተቀበሉት፣ እየሞቁ ሄዱ፣ የዘውዱ ከዘራ ወለሉን በማጭዱ ልክ ይመታል። ተማሪዎቹ ስልካቸውን አንሥተው መቅዳት ጀመሩ። ቸርነት እንዲህ ያለ ቀን በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ ፊቱ በራ። በመጨረሻም፣

«ማን ይጥራው በስሙ፣ እንዳንተ አባብሎ» አለና መጽሐፉን ዘጋ።

ሰዎቼ «እንዳንተ አባብሎ!» ብለው ተቀበሉና ጠበቁ። እሱ እጅ ነሣ። እነሱ ይጠብቃሉ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እነሱ አላጨበጨቡም፣ ይጠብቃሉ። ጭብጨባው ሲሞት ዘውዱ ቀና አለ።

«ቀጥል እንጂ!»

«ይህ ነው አባቴ፣ አለቀ» አለ ቸርነት።

«ምኑ አለቀ? የማሳው እኩሌታ ቆሞ? አውራጅ አይደለህ? አውርድ!»

ቸርነት መጽሐፉን ገለጠ። አንድ ገጽ አለፈ። የለም። ሌላ ገጽ አለፈ። የለም። ያኔ ነው ዓይኑ የፊቱን ረድፍ አንድ በአንድ ያየው፤ ያኔ ነው ማን እንደተቀመጠ ያወቀው። አዳራሹ ውስጥ የወረቀት ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው።

ተነሣሁ። ወረቀቴን አላወጣሁም፤ ሦስት ቀን ያላበኝ ወረቀት እስከ ዛሬ ከኪሴ አልወጣም። ከተቀመጥሁበት ሆኜ፣ ባረጀ ጉሮሮዬ፣ ካሴቱ ካለቀ በኋላ ያወረድሁትን አወረድሁ።

የሺ አታልቅሺ፣ ክምሩ እስኪሞላ፣
እኛ አለን ከጎንሽ፣ ከሙላት በኋላ።

«ከሙላት በኋላ!» አሉ ስምንቱ፤ ስምንት አይመስሉም ነበር፣ አርባ ነበሩ። የሺ ከመሐላቸው ቆመች። ታለቅሳለች ብዬ ፈራሁ። እልል አለች! ያን ለታ በማሳው ላይ ያልወጣላት እልልታ በአዳራሹ ጣሪያ ሥር ወጣ። ልብስ አጣቢዋ ተቀበለቻት፣ ሴቶቹ ሁሉ ተቀበሏት። ከኋላ አንድ ተማሪ «የሺ ማናት?» ብሎ ጮኸ፤ ዘውዱ ዞሮ በከዘራው አሳየው፤ «ይችውልህ! ሙላት ባሏ ነው። ያ የሚያወርደው ወንድሙ ነው። እኛ አጫጆቹ ነን። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

እኔም ቀጠልሁ። የቀረውን ሁሉ አወረድሁት፤ እስከ መጨረሻዋ ነዶ። የዛሬ ልጆች ሳይቀሩ ይቀበሉኝ ነበር። ስንጨርስ ቸርነት ከመድረክ ወርዶ የሺ ፊት ቆሟል። ኮቱ ትከሻው ላይ የሰፋ መሰለኝ።

«እትዬ የሺ» አለ። «ያን ቀን ጠላ ሰጥተውኛል።»

አላስታውስም ያለኝ ሰው!

«ሰጥቼሃለሁ» አለችው። «ጠጥተህም ሄድህ።»

ከዚህ የባሰ ፍርድ እኔ ልፈርድ ብል አልችልም ነበር። በሳምንቱ ሦስት ሽማግሎች በቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ተሰየሙ። ቸርነት አልተከራከረም። ይቅርታ ጠየቀ፤ ለኔ ሳይሆን ለየሺ፣ ያም ልክ ነው። የግጥሙ ባለቤት በመጽሐፉ ላይ ይጻፍ ሲባልም እሺ አለ። አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ «የመዘገበው ቸርነት ነው ተብሎ ይጻፍልኝ።» ሽማግሎቹ እኔን አዩኝ። እውነት ስለሆነ ፈቀድሁ። ደስ ብሎኝ ግን አይደለም። ዘንድሮም ገበያ ስንገናኝ ኮፍያውን ያነሣልኛል፤ እኔም አነሣለሁ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለንም።

ቤተ መጻሕፍቱ የመጽሐፉ አራት ቅጂ ነበረው። ትርንጎ አራት ብጣሽ ወረቀት፣ ሙጫና እስክርቢቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «እኔ ልጽፈው እችላለሁ፤ ግን የእርስዎ እጅ ቢሆን ይሻላል» አለችኝ። የሺና ዘውዱ ከግራና ከቀኝ ቆመው ያዩኛል፤ አንዳቸውም ማንበብ አይችሉም፣ ግን እያንዳንዱን ፊደል ጠበቁት። አራት ጊዜ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ ይህን ግጥም ያወረደው ይስማው ነው። የተቀበለው አገሩ ነው። የታጨደው የሙላት ማሳ ነው። የመዘገበው ቸርነት ነው። ትርንጎ እየለጠፈች «አባባ፣ ቀኑን አይርሱ» አለችኝ። ከሁሉም ሥር ጻፍሁት፦ ሐሙስ፣ ሰኔ ፲፫ ቀን።